ታወሩን ከመፍራታችሁ በፊት ምጣዱን ፈትሹ፦ የቤት መብራትና ጤና ደረጃ በደረጃ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ስለ መብራትና ጤና ጨዋታ ከተነሳ ሦስት ነገር መስማታችሁ አይቀርም። የስልክ ኔትወርክ ታወሩ ከተተከለ ወዲህ ራሴን ያመኛል። ማይክሮዌቭ ካንሰር ነው። ስልክ ትራስ ስር አድርገህ አትተኛ፣ አንጎልህን ይበላዋል። ይህን የሚል ሰው ቤት ገብታችሁ ዙሪያውን ብታዩ ደግሞ ሶኬቱ ጠቁሯል፣ ምጣዱ ሲነኩት ነዘር ያደርጋል፣ ማታ ብርዱ ሲብስ ከሰል ቤት ይገባና በር ይዘጋል። የማይታየውን እየፈሩ ከሚታየው ጋር ተስማምቶ መኖር ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ እዚህ የምንሄደው ከሚገድለው ጀምረን ወደሚያጠራጥረው ነው። ቤታችሁ ጭቃም ይሁን ብሎኬት፣ መንዝ ላይ ባና ደርባችሁ የምትተኙም ሁኑ ሸዋ ሮቢት ላይ ቬንትሌተር ስር፣ አብዛኛው ነገር ይሠራላችኋል። ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ሰው የሚፈራውን መስክ፣ ማለትም በኮረንቲ ዙሪያ የሚፈጠረውን የማይታይ ኃይል፣ ቤት ውስጥ ከፍ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ያው ሰው የሚገድለው የተበላሸ የሽቦ ሥራ ነው። አንዱ ሲስተካከል ሌላውም አብሮ ይወርዳል።

መጀመሪያ፣ የሚፈራው ነገር ምንድን ነው?

የቤታችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ዙሪያው ሁለት ዓይነት መስክ አለ። የኤሌክትሪክ መስክ ከቮልቴጅ ይመጣል። ዕቃው ሶኬት ላይ ከተሰካ ባይበራም አለ፤ ግን ግድግዳ፣ ዛፍ፣ የራሳችን ቆዳ ሳይቀር ያዳክመዋል። የማግኔት መስክ የሚመጣው ከሚፈሰው ኮረንቲ ነው። ዕቃው ካልሠራ የለም፤ ሲሠራ ግን የጭቃም የብሎኬትም ግድግዳ አያቆመውም። የሚለካው በማይክሮ ቴስላ ነው። ክርክሩ ሁሉ ያለው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

ይህ መስክ እንደ ራጅ የሴልን ዘረ መል ለመስበር የሚበቃ ጉልበት የለውም። በዚህ ሂሳብ እኩለ ቀን ላይ ባዶ ራስን ደብረ ብርሃን ገበያ መዋል ይብሳል፤ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ፀሐይ ቀላል አይደለችም፣ የፀሐይ ጨረር ደግሞ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር ነው።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ከባዶ አልመጣም። በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ዴንቨር ከተማ ላይ የተሠራ ጥናት ብዙ ኮረንቲ የሚያልፍባቸው መስመሮች አጠገብ በሚኖሩ ልጆች ላይ የደም ካንሰር በዛ ያለ ይመስላል አለ። ከዚያ ብዙ ጥናት ተከተለ። በ2000 እ.ኤ.አ. የበርካታ አገሮች ጥናቶች ተሰብስበው አንድ ላይ ሲታዩ፣ ቤታቸው ውስጥ በአማካይ ከ0.4 ማይክሮ ቴስላ በላይ መስክ ባለባቸው ልጆች ላይ በሽታው ወደ እጥፍ ተጠግቶ ታየ። እንዲህ ዓይነት ቤት ያላቸው ልጆች ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። መስኩ ራሱ ነው ያመጣው ለማለት የሚያስችል ማስረጃ አልተገኘም፤ የእንስሳት ሙከራውም አልደገፈውም። ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2002 እ.ኤ.አ. "ምናልባት ሊያመጣ ይችላል" የሚለው መደብ ውስጥ አስገባው። የእሬት ቅጠል ሙሉ ጭማቂም እዚያው መደብ ውስጥ ነው፤ እሬትን ግን ማንም ሲሸሽ አላየሁም።

አሁን ይህን ልብ በሉ። ያው ተቋም ቤት ውስጥ የሚነድ የማገዶ ጭስን ያስቀመጠው ከዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ፣ "ሊያመጣ እንደሚችል ይገመታል" በሚለው መደብ ነው። መስኩን ፈርታችሁ ከኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ ጭስ ቤት ብትመለሱ አተረፍን ብላችሁ ከሰራችሁ ማለት ነው። እናቶቻችን ዓይናቸው ቀልቶ፣ እየሳሉ የጋገሩበትን ዘመን የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ምጣዱ

ቤት ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል። ለ220 አካፍሉት፤ 16 አምፒር ያህል ነው። ብዙ ጊዜ ገበያ ላይ የምናገኘው ርካሽ ማከፋፈያ ደግሞ ለ10 አምፒር የተሠራ ነው። በዚያ ላይ ስልክ ቻርጅ ተሰክቶ፣ ፍሪጅ ተሰክቶ፣ ምጣድ ተሰክቶ እንጀራ ሲጋገር የሚሞቀው ምጣዱ ብቻ አይደለም።

አንድ ጠባሴ አካባቢ ያሉ እናት ቤት የሰማሁትን ልንገራችሁ። እትዬ፣ ምጣዱ ይነዝራል? አልኳቸው። "ኧረ ትንሽ ነው ልጄ፣ ለምጄዋለሁ። ነጠላ ጫማ ካደረግሁ ደግሞ አይነካኝም።" ቀጥለው ስለ ታወሩ ጠየቁኝ፤ ጨረሩ ለልጅ ልጆቻቸው ያሰጋቸዋል። ምጣዳቸውን ሳየው ሸክላው መሃል ላይ ተሰንጥቋል፣ የመሰኪያው ላስቲክ ቡናማ ሆኖ አንደኛው እግር አጠገብ ቀልጧል፣ ሽታው የተቃጠለ ዓሣ ይመስላል። ያ ሽታ የሚቃጠል ላስቲክ ነው። ዓሣ ሳይኖር ዓሣ ከሸተታችሁ ብሬከር አጥፉ።

የሚነዝርበት ምክንያት ቀላል ነው። ሸክላው ሲሰነጠቅ ሊጡ ይሰርግና ከስር ያለውን የጋለ ሽቦ ያገኘዋል፤ እርጥብ ሊጥ ኮረንቲ ያስተላልፋል፤ ኮረንቲው ወደ ብረቱ አካል ይወጣል። አሁን የሚጋግረውን ሰው አስቡት። እጅ ሊጥ ነክቷል፣ ማሰሻው ዘይት ነው፣ ወለሉ እርጥብ ነው። ደረቅ ቆዳ ኮረንቲን በደንብ ይከለክላል፤ የረጠበ ሰውነት ግን ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። 220 ለ1,000 ሲካፈል 220 ሚሊ አምፒር ነው። 1 ሚሊ አምፒር አካባቢ ነዘር ሲያደርግ ይሰማችኋል፣ 10 አካባቢ እጅ ይጨመደድና የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል፣ ከ30 በላይ ሆኖ በደረት በኩል ካለፈ ልብ ምቷን ልትስት ትችላለች። "ትንሽ ነው" የሚባለው ነጠላ ጫማው ደረቅ ስለሆነ ብቻ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ የራሱ መስመር ይኑረው፤ ባለ 4 ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ ማከፋፈያ በጭራሽ። ከመጋገር በኋላ ብሬከሩን አጥፍታችሁ የመሰኪያውን አካባቢ በእጅ ጀርባ ንኩት። ለብ ካለ ችግር የለም። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ማሰሪያው ብሎን ላልቷል ወይም ሽቦው ቀጭን ነው። የተሰነጠቀ ሸክላ በሊጥ ይደፈናል ብላችሁ አትድከሙ፤ ቀይሩት። አክምባሎውን ስታነሱም ሆነ ምጣዱን ስታሱ የብረቱን ጠርዝ በሌላኛው እጃችሁ አትያዙ፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ኮረንቲ መንገዱ ልብ ነው።

ደረጃ 2፦ ግራውንድ፣ እና ግራውንድ ብቻውን ለምን አይበቃም

ብዙ ሰው ግራውንድ፣ ማለትም ከዕቃው አካል ጋር በሽቦ ተያይዞ መሬት ውስጥ የሚገባ ብረት፣ ካስቀበረ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። እንቁጠረው። የቀበራችሁት ብረት ከመሬት ጋር ያለው ተቃውሞ 20 ኦም ነው እንበል፤ ለድንጋያማ ቦታ ይሄ ራሱ ጥሩ ነው። ምጣዱ ወደ ብረቱ ቢያፈስ፣ 220 ለ20 ስናካፍል 11 አምፒር ወደ መሬት ይሄዳል። ብሬከራችሁ 20 ወይም 25 አምፒር ነው። አይወርድም! ኮረንቲው ሲፈስ ይውላል፣ ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ምጣዱ ላይም አደገኛ ቮልቴጅ ይቆያል። በጋ ላይ አፈሩ ሲደርቅ ደግሞ 20 የነበረው ከዚያም ይጨምራል።

ይህን ክፍተት የሚዘጋው አርሲዲ የሚሉት ብሬከር ነው። አንዳንድ ባለሙያ ሊኬጅ ብሬከር ይለዋል። በአንዱ ሽቦ የሄደው በሌላው መመለሱን ያመሳክራል፤ 30 ሚሊ አምፒር ከጎደለ ሰከንድ ሳይሞላ ይቆርጣል። ስትገዙ 30 ሚሊ አምፒር የሚል መኖሩን እዩ፤ 100 ወይም 300 የሚለው ለእሳት እንጂ ለሰው አይደለም። ፊቱ ላይ ቲ የሚል ፊደል ያለበት መሞከሪያ ቁልፍ አለ። በወር አንዴ ተጫኑት፤ ቤቱ ካልጠፋ ብሬከሩ ሞቷል።

ብሬከሩ በየቀኑ እየወደቀ ካስቸገራችሁ ያፈሰሰ ዕቃ አለ ማለት ነው። ሁሉንም ንቀሉ፣ አንድ በአንድ ሰኩ፣ ሲወርድ የተሰካው እሱ ነው። "ይሄ ብሬከር አስቸጋሪ ነው" ብሎ አርሲዲውን አልፎ በቀጥታ የሚያገናኝ ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ሒሳቡን ከፍላችሁ አሰናብቱት።

በቴስተር ምጣዱን ነክታችሁ ከበራ እንደሚያፈስ ቁጠሩት። ካልበራ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። ግራውንዱን የውሃ ቧንቧ ላይ አትሰሩት፤ ዛሬ ቧንቧው ብዙ ቦታ ፕላስቲክ ነው፣ ብረት ከሆነም ጎረቤት ሲታጠብ ልትነዝሩት ትችላላችሁ።

ደረጃ 3፦ ኒውትራሉ በምን በኩል ነው የሚመለሰው?

ከሁሉም የምወደው ደረጃ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም የሚገድለውና የሚያጠራጥረው እዚህ ጋ ይገናኛሉ።

ፌዝ (ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራል (የሚመልሰው ሽቦ) ጎን ለጎን ከሄዱ አንዱ የሚፈጥረውን የማግኔት መስክ ሌላው ያጠፋዋል። አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይመለሳል፣ መጠናቸው እኩል ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ብትለኩ ዜሮ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። ከተለያዩ ግን ሌላ ነው። ፌዙ በኮርኒስ፣ ኒውትራሉ በሌላ ክፍል ዞሮ ከሄደ፣ ወይም ኒውትራሉ ከጎረቤት ከመጣ፣ ወይም አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ ኒውትራል ሲበጠስ መሬት ላይ ከተቀበረ ብረት ጋር ካሰረው፣ በአንድ ሽቦ ብቻ የሚሄደው ኮረንቲ መስኩን ክፍሉ ሁሉ ላይ ይበትነዋል። 5 አምፒር በአንድ ሽቦ ሲያልፍ 2 ሜትር ርቀት ላይ 0.5 ማይክሮ ቴስላ ይሰጣል። ቅድም ያነሳሁትን 0.4 አለፈ። ለዚያ የከፍተኛ ኃይል መስመርም ታወርም አላስፈለገም።

ይኸው ስህተት ነው ሰውንም የሚገድለው። ኒውትራል የታሰረበት የተቀበረ ብረት ከአፈሩ ጋር በደንብ ካልተገናኘ፣ ብረቱ ወደ 220 የሚጠጋ ሊሸከም ይችላል፤ ዶሮ የምታባርር ልጅ ትነካዋለች።

እንዴት ይታወቃል? ባለሙያው ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ሳይቆርጥ ኮረንቲ የሚለካ መሣሪያ) ካለው ሥራው አጭር ነው። እንደ መቆንጠጫ ያለውን አፉን ከብሬከር ሳጥኑ የሚወጡትን ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ላይ ያስገባባቸው፤ አንዱን ብቻ አይደለም፣ ሁለቱንም። ምጣድና አምፖል በርቶ ሳለ ዜሮ ማሳየት አለበት። 1 ወይም 2 አምፒር ካሳየ ያን ያህል ኮረንቲ በሌላ መንገድ እየተመለሰ ነው። መንገዱን ፈልጋችሁ ዝጉት። ይህን ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ "ሁለቱን አንድ ላይ ብትለካቸው ስንት ይላል?" ሥራውን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የማያውቅ ግራ ይገባዋል፣ እናንተም ትለዩታላችሁ።

ስለ ስልክ አፕሊኬሽን አንድ ነገር። ማግኔት ይለካል የሚል አፕ አውርዳችሁ 35 ሲል ካያችሁ አትደንግጡ። እሱ የምድር ማግኔት ነው፤ ኮምፓስን የሚያዞረው ያው፣ እኛ አካባቢ ከ30 እስከ 40 ማይክሮ ቴስላ ነው። አይለዋወጥም፣ የቤት መብራቱ ደግሞ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ አብዛኛው ስልክ ያንን በትክክል አይለካም።

ደረጃ 4፦ ጣሪያውና የሚገባው ሽቦ

ከፖል ወደ ቤት የሚገባው ሽቦ ቆርቆሮ ላይ ካረፈ፣ ነፋስ በወዛወዘው ቁጥር ላስቲኩ ይፋቃል። ደብረ ብርሃን ላይ ነፋስ መቼ ይቸግራል! ላስቲኩ ሲያልቅ ቆርቆሮው ይያዛል፤ ከቆርቆሮው ጋር የተያያዘ የብረት በርና የልብስ መስቀያ ሽቦም አብሮ። ከመሬት ቆማችሁ እዩት። ነክቶ ካያችሁ እናንተ አትውጡ፤ 905 ደውላችሁ ለመብራት ኃይል ንገሩ። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የእነሱ ነው፣ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የእናንተ።

ባህር ዛፍ ደግሞ የሰሜን ሸዋ ነገር ነው፤ በየግቢው፣ በየአጥሩ። መስመር አጠገብ ያለ ባህር ዛፍ ስትቆርጡ ወዴት እንደሚወድቅ በገመድ ልወስን አትበሉ። መስመሩ እስኪጠፋ ጠብቁ። የወደቀ ሽቦ ካያችሁ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፣ ከብትም አታስቀርቡ። መብረቅ በሚበዛበት ክረምት፣ በተለይ መንዝና አንኮበር ከፍታ ላይ፣ ነጎድጓድ ሲጀምር ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ንቀሉ።

ደረጃ 5፦ አልጋው የት ነው?

መስኩ ላይ ትንሽ ጥንቃቄ ማድረግ ከፈለጋችሁ፣ ገንዘብ የማያስወጣው ቦታ ይሄ ነው። ቀን እንንቀሳቀሳለን፤ ማታ ሰባት ስምንት ሰዓት አንድ ቦታ እንተኛለን። ልጅም እንዲሁ።

ከራስጌው ግድግዳ ማዶ ምን እንዳለ ሄዳችሁ እዩ። ቆጣሪ? ብሬከር ሳጥን? የፍሪጅ ጀርባ? ከሆነ አልጋውን አንድ ሜትር ወዲህ ሳቡት ወይም ራስጌና ግርጌውን አዙሩት። አለቀ። የማግኔት መስክ ከዕቃው ስትርቁ ልክ ከከሰል ምድጃ ራቅ እንዳሉት ነው፤ አጠገቡ ይጠብሳል፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ስትሉ ትረሱታላችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣቸውን ቁጥሮች እዩ። ካውያ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ ከ8 እስከ 30 ማይክሮ ቴስላ ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ከ0.12 እስከ 0.3 ይወርዳል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ቅርብ ላይ ከ1 እስከ 50፣ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ከ0.15 እስከ 0.5። ማይክሮዌቭ ከ73 እስከ 200 የነበረው አንድ ሜትር ላይ ከ0.25 እስከ 0.6። የፀጉር ማድረቂያ ደግሞ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ እስከ 2,000 ይደርሳል፤ ፀጉር ቤት የምትሠሩ ሰዎች ሳታስቡት ከማንም በላይ ቅርብ ናችሁ፣ ራቅ አድርጎ መያዝ ምንም አያስከፍልም። የሰውነትን ነርቭ እንዳያነቃቃ ተብሎ በ2010 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ገደብ 200 ማይክሮ ቴስላ ነው። ለማመሳከር ያህል፣ ተራ ቤት ውስጥ ከዕቃዎች ርቆ የሚገኘው ከ0.1 ብዙም አይርቅም።

ማይክሮዌቭ ያላችሁ፣ በሩ በደንብ የማይገጥም ወይም መስታወቱ የተሰነጠቀ ካልሆነ ምግብ መብላታችሁን ቀጥሉ። ኢንዳክሽን ምድጃ ከገዛችሁና ቤት ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ካለ፣ ያ ሰው ከምድጃው 60 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ስልኩንም ደረት ኪስ ውስጥ አይያዝ፤ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር።

ደረጃ 6፦ ብርዱ

ይህን ሳልጽፍ ብቀር ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ከሰል ሲያያዝ ይጨሳል፣ ሰው ውጭ ያቆየዋል። ነጭ አመድ ሲለብስና ጭሱ ሲጠፋ "አሁን ደርሷል" ተብሎ ይገባል። መርዙ ግን ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ከደረሰው ከሰልም ይወጣል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ። በር የተዘጋበት ክፍል ውስጥ ከሰል ይዛችሁ አትተኙ። መስኮት ትንሽ መክፈትም ለሚተኛ ሰው ዋስትና አይሆንም።

በኤሌክትሪክ ማሞቂያ መተካት ጥሩ ነው። 2,000 ዋቱ 9 አምፒር ይስባል፤ ስለዚህ የግድግዳ ሶኬት ላይ ብቻውን። ከመጋረጃና ከብርድ ልብስ አንድ ሜትር ይራቅ፣ እርጥብ ልብስ አይሰጣበት፣ ስትተኙ ይጥፋ። የሚሞቅ ኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ያላችሁ ደግሞ አልጋውን አሙቁበትና ሳትገቡ ንቀሉት። ሌሊቱን ሙሉ ሽቦ ገላ ላይ ተጠምጥሞ ከማደር የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ምርት ወይም የመንዝ ባና ይሻላል። እነዚህ አይነዝሩም።

ደረጃ 7፦ ስልክና ታወር

ስልክና ታወር የሚገናኙበት የሬዲዮ ሞገድም በ2011 እ.ኤ.አ. ያው "ምናልባት" መደብ ውስጥ ገብቷል። በ2024 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናው ሰፊ ግምገማ ግን ስልክ መጠቀምን ከአንጎል ካንሰር ጋር የሚያያይዝ ነገር አላገኘም።

ታወሩ ላይ ሰው የሚስተው ይህን ነው። አንቴናው ጨረሩን የሚልከው ወደ ጎን፣ ወደ ሩቅ ነው፤ እግሩ ስር ደካማ ነው። በየቦታው ሲለካ ሰው ላይ የሚደርሰው ከዓለም አቀፉ ገደብ ከ0.002 እስከ 2 በመቶ ሆኖ ነው የተገኘው። ጆሯችሁ ላይ የምትለጥፉት ስልክ ግን ቅርብ ነው፤ ደግሞ ኔትወርክ ሲደክም ታወሩ እንዲሰማው ኃይሉን ይጨምራል። ማለትም ታወሩ ቢርቅላችሁ ራሳችሁ ላይ የሚያርፈው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጣርማ በር ገደል ውስጥ አንድ መስመር ኔትወርክ ይዛችሁ ግማሽ ሰዓት ከምታወሩ፣ ስፒከር ላይ አድርጉ ወይም በጽሑፍ ላኩ ወይም እስክትወጡ ጠብቁ።

ትራስ ስር ያለ ስልክ ችግሩ ሌላ ነው። ቻርጅ ላይ እያለ ይግላል፣ ርካሽ ቻርጀር ደግሞ ሊቃጠል ይችላል። ጠረጴዛ ላይ ይደር። "ጨረር ይከላከላል" ተብሎ የሚሸጠውን ስቲከር አትግዙ፤ አይሠራም፣ ቢሠራ ኖሮም ስልኩ ኃይል እንዲጨምር ነበር የሚያደርገው።

ደረጃ 8፦ ቦታ ስትገዙ

በትልልቅ ብረት ታወር የሚያልፉት መስመሮች 132፣ 230፣ 400፣ 500 ኪሎ ቮልት የመሳሰሉት ናቸው። ልክ ከስራቸው የማግኔት መስኩ እስከ 20 ማይክሮ ቴስላ ሊደርስ ይችላል። ከ50 እስከ 100 ሜትር ርቃችሁ ስትሄዱ ሌላ ቦታ ካለው የተለየ አይሆንም። ለመኖሪያ ቤት ምርጫ ካላችሁ ይህን ያህል ራቁ፤ የማሳ ባለቤት ከሆናችሁና ከስሩ የምታልፉ ብቻ ከሆናችሁ አትጨነቁ። ከስሩ የተዘረጋ ረጅም የሽቦ አጥር ካለ ግን ሊነዝር ስለሚችል በየተወሰነ ርቀት ከመሬት ጋር ይታሰር።

ደረጃ 9፦ ሰውን ኮረንቲ ሲይዘው

አትንኩት። መጀመሪያ ብሬከር። ብሬከሩ ካልተገኘ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ለዩት፤ ይህ ግን የቤት መብራት ላይ ብቻ ነው፣ ፖል ላይ ካለ ትልቅ መስመር በእንጨትም አይሞከርም። የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱ መሃል ላይ በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ እየተጫናችሁ ሰው ጥሩ። ተነስቶ "ደህና ነኝ" ቢልም፣ ራሱን ስቶ ከነበረ ወይም ቆዳው ላይ የተቃጠለ ነጥብ ካለ ሆስፒታል ይታይ፤ ከላይ ትንሽ የሚመስል ቁስል ውስጡ ጥልቅ ሊሆን ይችላል፣ የልብ ምቱም መታየት አለበት። ጭቃ ውስጥ መቅበር፣ ወተት ማጠጣት፣ እነዚህን ተዉዋቸው።

ራስ ምታቱስ?

ታወሩ ያመኛል የሚል ሰው ሕመሙ እውነት ነው፤ አትሳቁበት። ግን መስኩ ሲከፈትና ሲዘጋ ሳይነገራቸው የተፈተኑ እንዲህ የሚሰማቸው ሰዎች፣ መቼ እንደበራ መለየት አልቻሉም። ስለዚህ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ፈልጉ። ለሁለት ሳምንት ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ፣ አጠገቡ ከሰል ተያይዞ እንደነበር፣ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ ውሃ መጠጣታችሁን፣ ስልክ ላይ ስንት ሰዓት እንዳፈጠጣችሁ። ማታ ማታ የሚነሳና ውጭ ስትወጡ የሚለቅ ከሆነ መጀመሪያ ምድጃውን ጠርጥሩ። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ካመመው፣ ድመቷም ከደነዘዘች፣ አሁኑኑ በር ክፈቱና ውጡ፤ የምትጽፉት ነገር የለም።